ድምፄ በሬዲዮ ሊተላለፍ የነበረ ዕለት

የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ የእኔን ያህል የተኮፈሰ ልጅ አልነበረም። ድምፄ በሬዲዮ ሊተላለፍ ነዋ! ከትምህርት ቤታችን ግጥም እንዳነብ ተመርጬ፣ ሰዎች መጥተው ቀድተውኝ ሄደዋል። እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይተላለፋል ተባለ። ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞሬ ተናገርኩ፤ ያልነገርኩት ቢኖር ለጎረቤታችን ውሻ ብቻ ነው።

የቤታችንን ሬዲዮ ግን ታላቅ ወንድሜ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ይዞት ሄዷል። የቀረን የአባቴ አሮጌ ፒክአፕ ላይ ያለው ነው፤ እሱም ከሳምንት ወዲህ ትንፍሽ አላለም። ጎረቤት ሄደን እንስማ ቢባል አባቴ፣ «የልጄን ድምፅ ሰው ቤት ሄጄ ልሰማ? ሞቼ እገኛለሁ!» አለ። ግትር ነበር። እኔም በእሱ ነው የወጣሁት።

እሁድ ማለዳ፣ ውርጩ ከመስታወቱ ላይ ሳይለቅ፣ ጋቢና ውስጥ ገባን። ወንበሩ ላይ የተነጠፈው የበግ ቆዳና የቤንዚኑ ሽታ አሁንም ድረስ አፍንጫዬ ላይ አለ። አባቴ ፊውዙን አወጣ፤ ተቃጥሏል። በሌላ ቀየረው፤ ያም ወዲያው ተቃጠለ። አንቴናውን ነካካ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየተከተለ ፈተሸ። እኔ ካቻቢቴ እያቀበልኩ በየደቂቃው «ስንት ሰዓት ሆነ?» እላለሁ። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ቃል አልወጣትም። እናቴና ዝምታ ደግሞ ተዋውቀው አያውቁም።

በመጨረሻ ብሎኖቹን ፈትቶ ሬዲዮውን መዝዞ አወጣው። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ዘንበል ሲያደርገው ውሃ ጠብ አለ።

«ዝናብ በየት በኩል ገባ?» አለ አባቴ ግራ ገብቶት።

«እኔ ነኝ!» አለች እናቴ። «ያን ሰሞን ጣርማ በር ገደል ላይ በጉም ተንሸራትተህ ለጥቂት የተረፍክ ለት፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከአንኮበር ያመጣሁትን ጠበል መኪናዋ ላይ ልርጭ ብዬ ገባሁ። ጠብታው የሚበቃ አልመስል ሲለኝ፣ ጠርሙሱን እንዳለ እዚያ ሬዲዮው ላይ ገለበጥኩት።»

ሦስት ሰዓት ሆነ። እሪ ብዬ አለቀስኩ። «አንቺ ነሽ ያበላሸሽብኝ!» አልኳት፤ አፌ ይቆረጥና። አባቴ ግን አልተቆጣም። እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ «በቃ ወርቄ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሬዲዮው ይቅር፤ እኔ በሰላም ገብቼልሽ የለም እንዴ?» አላት። እናቴ ሳቅም ለቅሶም ያዛት። እኔ ሁለቱም ላይ ተናደድኩ። እናቴን እስከ ረቡዕ አኮረፍኳት። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሰምተውኛል፤ አንዷማ «ተንተባተብሽ» ብላ ቁስሌ ላይ ጨው ነሰነሰችበት።

ዛሬ ያመለጠኝን ፕሮግራም ስልኬ ላይ መልሼ እሰማለሁ። እናቴ ግን ይቅርታ ሳልጠይቃት አመለጠችኝ። አሁን የእኔ ልጅ የጭነት መኪና ይነዳል፤ በዚያው በጣርማ በር ነው የሚመላለሰው። ጉም ወርዶ ስልኩ እምቢ ያለኝ ቀን፣ ቁጭ ብድግ እያልኩ ደጁን አያለሁ። በሰላም የሚመልስልኝ ከሆነ፣ ሬዲዮ ቀርቶ መኪናውን እንዳለ ባበላሸው አይቆጨኝም።