ስማችን ሁሉ አንድ መሳቢያ የገባበት ፈተና

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አዲሱ ገበያ ለሥራ ፈተና ተጠርቼ ነበር... ለክሊኒኮች ሶፍትዌር የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነው፤ ቢሮው ከአንድ የጫማ ሱቅ በላይ ፎቅ ላይ ነው።

ቀጨኔ ካለው ቤታችን ስወጣ እህቴ ደጅ ድረስ ተከትላ «አደራህን፣ ብዙ አታውራ» አለችኝ። ታውቀኛለቻ! ከተመረቅኩ ጀምሮ ሥራ የለኝም፤ ምክር ግን ሞልቶኛል።

ተፈታኞቹ ሁለት ነን። እኔና ሰሚራ የምትባል ዝምተኛ ልጅ። ፈታኛችን ወይዘሮ ሰብለ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚናገሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። ጥያቄው አጭር ነው፦ የታካሚዎችን ስም የሚይዝ ሃሽ ቴብል ሲ (C) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በሊንክድ ሊስት ሥሩ። ኢንተርኔት የለም።

ለማታውቁት... ሃሽ ቴብልን ብዙ መሳቢያ ያለው ቁም ሳጥን በሉት። ስም ሲመጣ ፕሮግራሙ ትንሽ ሒሳብ ሠርቶ የትኛው መሳቢያ እንደሚገባ ይወስናል። ሁለት ስም አንድ መሳቢያ ከደረሳቸው አንዱ ከሌላው ኋላ ይያያዛል፤ ሊንክድ ሊስት የሚባለው ይኼ ሰልፍ ነው። ሒሳቡ ጥሩ ከሆነ ስሞቹ ይበታተናሉ፣ የተፈለገው ሰውም ቶሎ ይገኛል። መጥፎ ከሆነ ሁሉም አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማል።

እኔ ለሒሳቡ ብዙም አልተጨነቅኩም። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ወስጄ ጨረስኩ። የጓደኞቼን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፍኩ ስሞክረው እንደ ዘር ተበተኑልኝ። ደስ አለኝ።

ዞር ስል ሰሚራ ገና ወረቀት ላይ ትሞነጫጭራለች። ወይዘሮ ሰብለ ስልክ ሊያናግሩ ወጥተዋል። አሳዘነችኝ... ተወዳዳሪዬ መሆኗን ረስቼ ጠጋ አልኩና «የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ውሰጂ፣ በቃ። አታካብጂው» አልኳት። ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ አመስግናኝ እንዳልኳት አደረገች። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ።

ወይዘሮ ሰብለ ተመልሰው መጀመሪያ እኔ ጋ ተቀመጡ። የራሳቸውን የስም ፋይል ከፈቱ፤ ስሞቹ በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። ፕሮግራሙን አስነሡት።

አበበ አምስተኛው መሳቢያ ገባ። ፋጡማም አምስተኛው። ትርሲት፣ ከድር፣ ወለተ ማርያም... ሁሉም አምስተኛው ላይ ተደርድረው ሌላው መሳቢያ ሁሉ ባዶውን ቀረ።

«ለምን ይመስልሃል?» አሉኝ።

አላውቅም ማለት ሲቻል እኔ ምን አልኩ? የእኛ አገር ስም ስለሚመሳሰል ነው አልኩ። ገብረ እገሌ፣ ወልደ እገሌ እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ፋጡማና ወለተ ማርያም በምን ተመሳሰሉ?»

«እ... ማለቴ... ፋይሉ ችግር ሳይኖርበት አይቀርም።»

«ፋይሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ተነሥተው ሰሚራ ጋ ሄዱ። የሷም እንደዚያው፣ ሁሉም አምስተኛው ላይ። ልጅቷ ግን ምክንያቱን እንደማታውቅ ተናገረችና ኮምፒውተሩ ስሙን ሲያነብ ምን እንደሚያይ ልፈትሽ ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ፈተሸች፣ ገባትም። ለካ ኮምፒውተሩ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ቁራጭ ሲያስቀምጥ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ግን ለሦስት ቆርሶ ነው የሚያስቀምጠው። የመጀመሪያዋ ቁራሽ ደግሞ ከሀ እስከ ፐ ለሁሉም አንድ ናት። እኔ ፊደል ወሰድኩ ብዬ የወሰድኩት እሷን ነበር። ሰሚራ ሁሉንም ቁራሽ ወደ ሒሳቡ አስገባችና ስሞቹ በየመሳቢያው ተበተኑ።

ወይዘሮ ሰብለ እኔንም እሷንም አዩን። «ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ስሕተት ሠራችሁ። ሐሳቡ የማን ነበር?»

ሰሚራ አንገቷን ደፋች እንጂ ስሜን አልጠራችም። ዝም ማለት እችል ነበር... ግን ያቺ ዝምታዋ ከበደችኝ። እጄን አወጣሁ፣ ልክ እንደ ተማሪ።

«ዛሬ የሰጠኸኝ የመጀመሪያው ትክክለኛ መልስ ይኼ ነው» አሉኝ።

ሥራውን ሰሚራ አገኘች፤ ይገባታል። ደረጃውን አብረን ስንወርድ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ ግን ያንን ስሕተት ባትሠራ ኖሮ የአማርኛ ፊደል እንዴት እንደሚቀመጥ እንደማታውቅ ነግራኝ ታክሲዋን ያዘች። እኔን ደግሞ ወይዘሮ ሰብለ ሌላ ቦታ ሲከፈት ድጋሚ እንድሞክር ነግረውኛል፤ ከልባቸው ይሁን ለማጽናናት አላውቅም።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

እኔ ግን እንዲህ ነው የምለው... በዚህ ዘመን ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ ሕዝቡን ሁሉ አንድ ላይ የሰበሰበ ሰው እንዴት ከፈተና ይወድቃል?