ባሂራ ያልገባችበት እርቅ

ቡታጅራ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሰው ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው በባሂራ ንዴት ነው ይባላል። ትንሽ ተጋንኗል፤ ብዙ አይደለም። ምግብ ቤቷ ውስጥ ሆና «ቆጮው የታለ!» ስትል ኪሎሜትሮች ርቀው እንሴኖ ገበያ ላይ ያሉ በጎች ቀና ብለው ያያሉ። ስድሳ ሊሞላት ነው፤ ሁለት ባል ቀብራለች፤ ሦስተኛውን አልቀበረችም፤ ራሱ ነው የሸሸው።

ጥር 2017 ላይ የምግብ ቤቱ ቴሌቪዥን አዲስ አበባና ሞቃዲሾ ከርመው ከርመው ታረቁ፣ አምባሳደሮቻቸውንም ወደየቦታቸው ሊመልሱ ተስማሙ ሲል፣ ምሳ ተመጋቢው ሁሉ «እሰይ!» አለ። ባሂራ ጭልፋውን ይዛ ከጓዳ ወጣች።

«ምን ተባለ?»

«ታረቁ ነው የሚለው» አላት ሥጋ የሚያቀርብላት አብዶ።

«ይሄ የአምናው ኩርፊያ ነው፤ ታናሹ። ታላቁስ?»

ታላቁን ሁሉም ያውቀዋል። ባሂራ ያደገችው ጅግጅጋ ነው። አባቷ ሸምሶ ከዚሁ ከመስቃን ሄዶ እዚያ ጨርቃ ጨርቅ ይነግድ ነበር። በ1970 መስከረም የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ሲይዝ፣ እናቷ ልጆቿን ይዛ በካራማራ በኩል ወደ ሐረር ስትሮጥ፣ ሸምሶ «ሱቁን ቆልፌ እደርስባችኋለሁ» ብሎ ቀረ። እንደቀረ ነው። መቃብር የለው፣ ሞተ ብሎ ያረዳ የለ። እናቷ ለቅሶ ሳትቀመጥ ዓመታት ጠብቃ አለፈች።

እናም ባሂራ አገር በተሳሳመ ቁጥር ትቆጣለች። እርቅ ጠልታ አይደለም፤ ሳትጠየቅ ስለታረቁላት ነው።

በሳምንቱ የከተማው እንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ግሩም፣ ከረቫቱን እንደ ሜዳሊያ አስቀድሞ መጣ። የጎረቤት ከተማዋን የቆሼን በርበሬ ሊያዩ የሚመጡ የሶማሊያ ነጋዴዎች አሉ፤ ምሳ የሚበሉት እሷ ዘንድ ነው።

«እትዬ ባሂራ፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ።»

«ምን? ቅቤው እንዳይበዛ?»

«ኧረ ቅቤው ይብዛ! ወሬው ነው። ስለ ድሮ ነገር እንዳይነሳ። ዘመኑ የወንድማማችነት ነው።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ እንግዳ አላስቀይምም። አበላለሁ። ሽማግሌ ግን ትጠራለህ?»

«እንዴታ! ሃጂ ሙከሚል ጋቢያቸውን ለብሰው ዱዓ ያደርጋሉ። ለቪዲዮውም ያምራል።»

ባሂራ ፈገግ አለች። ጎረቤቶቿ የባሂራን ፈገግታ ካዩ ልጆቻቸውን ወደ ቤት ያስገባሉ። ግሩም ግን ከደብረ ብርሃን የመጣ ሰው ነው፤ አያውቅም። የመስቃን ሽማግሌዎች ጌጥ አይደሉም። ሽማግሌ አንዴ ከተቀመጠ፣ ፊቱ ቆሞ «አቤት» ያለውን ሰው ሳይሰማ እህል አይቀምስም። ኮሚቴው ችሎት ጠርቶ የጠራው ምሳ መስሎታል።

ቀኑ ደረሰ። ጎመኑ ተከተፈ፣ አይቡ ተፈረፈረ፣ የክትፎው ሽታ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ አንድ የወልቂጤ ሚኒባስ ተሳፋሪዎቹ ወርደውበት ባዶውን ቆመ አሉ። እንግዶቹ ገቡ። መሪያቸው አብዲረሺድ ይባላል፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ቦሌ ሚካኤል በስደት ኖሮ አማርኛን ከታክሲ ረዳቶች የተማረ ሰው። ሃጂ ሙከሚል እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

«አቤት!» አለች ባሂራ፣ በሩ ላይ ቆማ።

ሃጂ እጃቸውን ወደ ጉልበታቸው መለሱ። «አቤት ያለው ማነው?»

«ባሂራ ሸምሶ ነኝ። በደል ደርሶብኛል።»

ግሩም ከወንበሩ ተነሳ። «ሃጂ፣ ይሄ በፕሮግራሙ የለም!»

«ልጄ፣ አቤት ተብሏል። ተቀመጥ።» ወደ ባሂራ ዞሩ። «በማን ላይ?»

«ጅግጅጋን በወረረው ላይ።»

ከጓዳ የክትፎው ሰሃን ሲቀመጥ ብቻ ተሰማ።

«ዋስ አለሽ?»

«እኔ ነኝ ዋሷ» አለ አብዶ፣ አፉ ምራቅ ሞልቶ።

«ያኛውስ ወገን?»

አብዲረሺድ ዙሪያውን አየ። ጓደኞቹ የሚባለው አልገባቸውም፤ እሱ ግን ገብቶታል። ቀስ ብሎ ተነሳ። «እኔ ልስማት። ግን እዚህ ዋስ የሚሆነኝ ዘመድ የለኝም።»

«ዋስ ከሌለ ነገር አይከፈትም» አሉ ሃጂ። ግሩም እፎይ ብሎ ውኃ ቀዳ።

«እኔ እሆነዋለሁ» አለች ባሂራ።

ግሩምን ውኃው ትን አለው። ሃጂ ሙከሚል ጢማቸውን ያዙ። «አንቺ ከሳሽ ነሽ እኮ!»

«ብሆንስ? ቢጠፋ ፈልጌ ማምጣት የማን ሥራ ነው? የእኔ። ከእኔ የተሻለ ማን ይጠብቀዋል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሃጂም ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው «ተናገሪ» አሉ።

ተናገረች። ስለ ሱቁ፣ ስለ ካራማራ መንገድ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ስለምትል እናቷ። ሳቁ ሁሉ ደረቀ።

አብዲረሺድ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ማዘር፣ እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ ብዋሽሽ አንቺም አታምኚኝም። ግን እኔም አቤት እላለሁ። በ1999 የእናንተ ጦር ሞቃዲሾ ሲገባ ሰፈራችን በመድፍ ፈርሷል። ታላቅ እህቴ ሆዳን ቤት ውስጥ ነበረች። እሱንም አምባሳደሮቹ አላነሱትም።»

«ይሄ ፖለቲካ ነው! ፖለቲካ ነው ይሄ!» ግሩም ቪዲዮ የሚቀርጽበትን ስልክ ኪሱ ከተተ።

«በደል ነው» አሉ ሃጂ። «ልጆቼ፣ እኔ ምን ልፍረድ? በዳዮቹ እዚህ ማዕድ ላይ የሉም። በሉ ተነሱና ይቅር ተባባሉ።»

«ማንን ነው ይቅር የምለው ሃጂ?» አለች ባሂራ፣ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ። «ይሄ ልጅ ምን አደረገኝ? እኔ ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ ካሳ አልጠየቅሁም። ሲታረቁ አባቴን እንዳልነበረ አድርገው ነው የታረቁት። ከዚያ አገር የመጣ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ሆኗል ይበልልኝ። ካላለ ክትፎው ለኮሚቴው ውሾች ይሰጥ!»

ኮሚቴው ውሻ የለውም፤ ግን ማንም አላረማትም።

አብዲረሺድ መጀመሪያ ለጓደኞቹ በሶማልኛ ነገራቸው። ከእነሱ ረጅሙና ሽበታሙ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ «ሆኗል። ጦራችን ጅግጅጋን ወርሯል። ሸምሶ የሚባል ነጋዴ ሱቁን ሊቆልፍ ቀርቶ አልተመለሰም» አለ።

ባሂራ የበሩን መቃን ያዘች። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ የአባቷን ስም ከዚያ ወገን ሰው አፍ ሰምታ አታውቅም። ሁሉም አለቀሰች ሲል እሷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔም እላለሁ። ጦራችን ሞቃዲሾ ገብቷል። ሆዳን የምትባል ልጅ ቤቷ ውስጥ ሞታለች። ሆኗል።»

ሃጂ ሙከሚል «አልሐምዱሊላህ» ብለው እጃቸውን እንደገና ዘረጉ፤ ሁሉም አሚን አለ። ክትፎው ገባ። አብዶ ማንንም ሳይጠብቅ ጀመረ።

ግሩም ግን ባሂራን ጥግ ይዞ ይለምናት ጀመር። «እትዬ ባሂራ፣ በአላህ! ቪዲዮውን ለበላይ መላክ አለብኝ። አንድ አረፍተ ነገር ብቻ፣ ‹ያለፈው አልፏል› በዪልኝና ልገላገል።»

«አልልም።»

«ሁለት ቃል እኮ ነው!»

«ሁለቱም ውሸት ናቸው። አላለፈም። ተነገረ እንጂ መች አለፈ? ከፈለግህ ስልክህን አውጣና ያልኩትን እንደገና እልልሃለሁ። ካልፈለግህ እጅህን ታጠብና ብላ።»

ግሩም ላቡን ጠረገ። አብዲረሺድ ከማዕዱ ፈቀቅ ብሎ ቦታ እየለቀቀለት «ና እንጂ ብራዘር፣ ወይ ቅረጽ ወይ ቁረስ» አለው።

ግሩም ስልኩን አወጣ። ባሂራ ሻሿን አስተካከለች፣ ቀጥ ብላ ቆመች፣ እና እንሴኖ ያሉትን በጎች በሚያስደነግጥ ድምፅ «ሸምሶ የሚባል ነጋዴ ነበር» ብላ ጀመረች።