የሙኒያ ምንጣፍና የእኛ አስተያየት

ሳቢያን ውስጥ አስተያየት የሌለው ሰው አላውቅም። ስለ ባጃጅ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጎረቤት ትዳር ሁሉም የሚለው አለው። እኔም የሰፈሩ ልጅ ነኝና አለኝ። ይህን የምጽፈው ግን አንዱ አስተያየቴ እስካሁን ስለሚያቃጥለኝ ነው።

ሙኒያ ጌም ቤት አላት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች አንዲት ክፍል ነው። ጠዋትና ማታ ወንዶቹ የኳስ ጌም ይጫወቱባታል። ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ግን ወንዱ በሙሉ በርጫ ላይ ተቀምጦ ጫቱን ስለሚቅም ቤቱ ጭር ይላል። ሙኒያ ይህን ሰዓት ለሴቶች ሰጠችው። መጋረጃውን ትዘጋለች፣ የኳሱን ጌም ታጠፋለች፣ መሬት ላይ ምንጣፍ ታነጥፋለች።

ምንጣፉ የዳንስ ጌም ነው። አራት ቀስቶች ተስለውበታል። ዘፈኑ ሲጀምር ቴሌቪዥኑ ላይ ቀስቶች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ቀስቱ ከላይ ያለው መስመር ጋ ሲደርስ ተጫዋቿ ምንጣፉ ላይ ያንኑ ቀስት ትረግጣለች። ከቀደመች ወይም ከዘገየች ጌሙ ሳትሽ ይላታል። ከሃያ ዓመት በፊት ከጅቡቲ የገባ ዕቃ ነው፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኛ ግን አሥራ አምስት የምንሆን ሴቶች፣ እኔን የጠዋት ፈረቃ አስተማሪዋን ዮርዲን ጨምሮ፣ በዚያ ሙቀት ጫማችንን አውልቀን እንዘልበታለን።

ከሁላችንም በላይ ናዲፋ ነበረች። አሸዋ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፣ የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ወደ አርባ እየተጠጋች ነው። ድሪያ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ምንጣፉ ላይ ትወጣለች፤ አንድም ቀስት አትስትም። ፊቷን ላየው ልብስ የምታጥፍ እንጂ የምትደንስ አትመስልም። «እዚህ ስወጣ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው» ትለን ነበር። ሙኒያ ራሷ ተጫውታ አታውቅም። ወንድ እንዳይገባ መጋረጃውን እያየች፣ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ሙኒያ የሆነ መሥሪያ ቤት የአስተያየት መስጫ ሳጥን አይታ መጣችና ግድግዳው ላይ ደብተር በሲባጎ አንጠለጠለች። «አቦ ጻፉ፤ ከኋላዬ አትሙኝ» አለችን። ኧረ ምን ያልጻፍነው አለ! አንዷ ዘፈኖቹ ያረጁ ናቸው አለች። ሌላዋ ጌሙ በጣም ይፈጥናል ስትል፣ ከሥሯ ያለችው ይንቀራፈፋል አለች። አንዷማ ጌሙ ውስጥ የምትደንሰው ልጅ ልብሷ አጭር ስለሆነ ትሸፈንልን ብላ ጻፈች፤ እንዴት እንደምትሸፈን ግን አልነገረችንም። እኔ የተማርኩት ደግሞ ግማሽ ገጽ ሞላሁ። ጌሙ ግሩም ነው፣ ቴሌቪዥኑ ግን ሆዱ የተነፋ፣ ምስሉ የደበዘዘ አሮጌ ስለሆነ በፍላት ቢቀየር ጨዋታው ይሻሻላል አልኩ። ከሥሩ ፈረምኩ።

ሙኒያ አስተማሪ የፈረመበትን ነገር አታልፍም። እዚሁ ከተማችን ታይዋን ገበያ ሄዳ ሰፊ ፍላት ገዛች፣ አሮጌውን ለጠጋኙ ለሲያድ ለመለዋወጫ ሰጠችው። ድምፁ እንደ ድሮው በትልቁ ቴፕ ይወጣል፤ ምስሉ ግን ኩልል አለ። እልል አልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁላችንም መሳት ጀመርን።

አሁን ደብተሩ የስድብ ደብተር ሆነ። ምንጣፉ ሞቷል ተባለ። ጌሙ ተበላሽቷል ተባለ። አንዷ ጭራሽ ሙኒያ ዋናውን ሸጣ ፎርጅድ አመጣችብን አለች። ሙኒያ ይህን አንብባ፣ «ከገዛሁት ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት እንደ ልጅ ያጠብኩትን ምንጣፍ!» አለች። ፈታችው፣ ሽቦውን አስቀየረች፣ ዲስኩን አስጠረገች፣ ምንም ለውጥ የለም። ሴቶቹ እያጉረመረሙ አንድ በአንድ ቀሩ። ናዲፋ ግን አላጉረመረመችም። ሦስት ቀን በተከታታይ ሳተችና ደብተሩ ላይ ጻፈች፦ «ጌሙ ምንም አልሆነም። ያረጀሁት እኔ ነኝ። ሙኒያ አትልፊ።» ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ሙኒያን ከስድቡ ሁሉ በላይ የጎዳት ይህ ነው። «ሌላው ይቅር፣ ናዲፋን ግን መመለስ አለብኝ» ትል ነበር።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ማክሰኞ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ ምንጣፉ ላይ እየሳትኩ እራገማለሁ፣ ሙኒያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች።

«ዮርዲ፣ ቁሚ እስቲ» አለች ድንገት። «እግርሽ ከምቱ በኋላ ነው የሚያርፈው።»

«አርጅቻለኋ!»

«አቦ ዝም በይ! ድሮ እግራችሁና ምቱ አንድ ላይ ነበር የሚሰማኝ። አሁን ሁላችሁም ትዘገያላችሁ፤ አንቺም፣ ናዲፋም፣ ከሁላችሁ ትንሿ፣ ያቺ የአሥራ ስድስት ዓመቷም። ወላሂ እኩል ነው የምትዘገዩት። ሰው እንዴት እኩል ያረጃል?»

ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ እንድሰጥና በጆሮዬ ብቻ እንድረግጥ አዘዘችኝ። ዘፈኑን ከነእርምጃው በቃሌ አውቀዋለሁ። ረገጥኩ። ሲያልቅ ዞር ብዬ ሳይ የሳትኩት ሁለት ብቻ ነው። ሲያድ ጋ ስንደውል ሳቀብን። «ፍላቱ ምስሉን እስኪያዘጋጅ ትንሽ ይቆያል፤ ድምፁ ቀድሞት ይወጣል። አሮጌው ወዲያው ነበር የሚያሳየው» አለ። «እና ለምን አልነገርከንም?» ብላ ሙኒያ ጮኸችበት። «ማን ጠየቀኝ?» አላት። አሮጌ ቴሌቪዥን በሽበሽ እንደሆነና ነገውኑ አንድ እንደሚያመጣልን ነገረን።

ነገን አልጠበቅንም፤ በባጃጅ ናዲፋ ቤት ሄድን። ሙኒያ ገና ከበሩ «ናዲፋ! አላረጀሽም! ቴሌቪዥኑ ነው!» እያለች ገባች። ተቀባብለን አስረዳናት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ናዲፋ ቁጭ አለች፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ባለፈው ወር ታናሽ እህቴን ኑርሀንን ዳርን» አለች። «ሴቶቹ ተነሺ ጨፍሪ እያሉ ሲጎትቱኝ እምቢ አልኩ። እግሬ ሰነፈ፣ ሰው ፊት አልዋረድም ብዬ። በመጨረሻ ሙሽራዋ ራሷ ከመቀመጫዋ ተነስታ መጣች። እሷንም እምቢ አልኳት። በሰርጌ ቀን ፊት ነሳሽኝ ብላ እስከዛሬ አታናግረኝም።»

ሙኒያ አፏን በሻርፗ ያዘች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

«ቴሌቪዥኑ ይቀየር ያለው ማነው?» አለች ናዲፋ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ስልኳን አነሳችና የእህቷን ቁጥር አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«በይ አንቺ ንገሪያት» አለችኝ።

ሦስቴ ደወልኩ። ሙሽራዋ አላነሳችም።