ኔቪል ሆኪንግ ዝም ያለበት ቅዳሜ

በሳምንቱ ስድስት ቀን ከኔቪል ሆኪንግ የበለጠ ጨዋ ሰው በትንሿ የገጠር ከተማችን ዋራቢል ውስጥ አይገኝም። የግቢዬ በር ማጠፊያ ሲወልቅ ሳልነግረው መጥቶ ይጠግናል። ቲማቲሙ ሲደርስ በባልዲ አምጥቶ ደጃፌ ላይ ያስቀምጥና፣ ምስጋና እንዳይሰማ ፈጠን ብሎ ይሄዳል። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት፣ ትንንሾቹ ሞላላዋን ኳስ በሚጫወቱበት ሰዓት ግን ሌላ ሰው ነው።

አርባ ዓመት በግ ሲሸልት የኖረ ሰው ነው። በመሸለቻው ማሽን ጩኸት ላይ ሲጮኽ ሲጮኽ ድምፁ እንደዚያው ቀረ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ያሉት ውሻው ስኪፕና የልጁ ልጅ ኢሞጅን ናቸው። ኢሞጅን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የግራ ካልሲዋ ሁልጊዜ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጠቅልሎ ነው የምትጫወተው።

ለተጫዋቾቹ ብርቱካን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ሠላሳ ብርቱካን፣ እያንዳንዱን አራት ቦታ፣ ክዳን ባለው ሰማያዊ ባልዲ። ቦታዬ ኔቪል ተቀምጦ ጨዋታውን ከሚያይበት ፒክ አፕ አጠገብ ስለሆነ ያልሰማሁት ነገር የለም።

«አንተ ልጅ! ፎቶ ልትነሳ ነው እንዴ የመጣኸው?» ይላል በመስኮት አንገቱን አውጥቶ። ፊሽካ ሲነፋ ደግሞ ወደ ዳኛዋ ይዞራል። «ዶሪን! ከጸጉር ሌላ ነገር አይታይሽም?»

ዶሪን የከተማችን ጸጉር አስተካካይ ናት። «ጆሮህም ይታየኛል! ሰኞ ና፣ እሱንም አሳጥርልሃለሁ!» ትለዋለች። በእርግጥም ኔቪል ክፉኛ ከጮኸበት ቅዳሜ በኋላ በአንዱ ጆሮው በኩል ጸጉሩ ያጥራል።

በሐምሌ፣ እኛ ዘንድ ብርዱ በሚበረታበት ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ እንዳደረገው፣ ኢሞጅን ወደ ፒክ አፑ መስኮት መጣች።

«አባባ፣ ዛሬ አንዲት ቃል ካወጣህ ሁለተኛ ኳስ አልጫወትም። ሜዳው መሀል ቁጭ ነው የምለው።»

«ክላክስስ?»

«ክላክስም የለም።»

«ለጎል እንኳ?»

«ለጎል እንኳ! ባለፈው ገና ሳልመታት አጩኸኸው አስደነገጥከኝ። ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ዝም።»

እኛ ዘንድ መኪኖች አፍንጫቸውን ወደ ሜዳው አድርገው ዙሪያውን ይቆማሉ። ጎል ሲገባ ሁሉም አጭር ክላክስ ያደርጋል። የጨዋታ ማብቂያ ደወላችን ከተበላሸ ሁለት ክረምት ስላለፈው፣ ሰዓት ያዡ ባዚል የመኪናውን ክላክስ እስከ አሥር እየቆጠረ ይጫናል። አጭር ጎል ነው፣ ረጅም ማብቂያ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል።

«ሜቪስ፣ ሰማሽ?» አለኝ ኔቪል ልጅቷ ስትሄድ። «የምሯን ይመስልሻል?»

«አተር አልበላም ካለች ስንት ጊዜ ሆናት?» አልኩት።

«ሦስት ዓመት» አለና ፊቱ ገረጣ። ቅዳሜ ከሌለ ኔቪል ምን እንደሚቀረው ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለቱን እጆቹን ከታፋው ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው።

የመጀመሪያው ፊሽካ ተነፋ። አንገቱ ቀላ፣ አፉ ተከፈተ። ከየት እንደደፈርኩ አላውቅም፣ አንድ ቁራጭ ብርቱካን ወተፍኩበት፤ ልጣጩ ወደ ውጭ፣ ልጆቹ እንደሚያደርጉት። ብርቱካን ጥርስ ያለው ሽማግሌ ሆነ። ከዚያ በኋላ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ይከፍታል፣ እኔ እጎርሳለሁ፤ ማለቴ አጎርሰዋለሁ። እረፍት ሳይደርስ አሥራ አንድ ቁራጭ አለቀ።

ዝምታው ዶሪንን አላስችል ብሏት ወደ አጥሩ መጣች። «ኔቪል፣ አሞሃል እንዴ?»

«እምምም» አለ።

«ደህና ነው፣ ብርቱካን እየበላ ነው» አልኩ።

«የልጆቹን?»

«የልጆቹን።»

ለትንንሾቹ ውጤት አይመዘገብም፤ ሁሉም አሸናፊ ነው ይባላል። ስለዚህ አዋቂው ሁሉ መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ይመዘግባል። እኔ በባልዲው ክዳን ላይ የብርቱካን ዘር እየደረደርኩ ነው የምይዘው። የኛ አምስት፣ የእንግዶቹ አምስት ሆኖ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ ኢሞጅን ኳሷን አገኘች። ሮጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ መታች። ኳሷ እንደሰከረች ዶሮ እየተንገዳገደች በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መሀል ገባች።

መኪናው ሁሉ ጮኸ። ከእኛው ፒክ አፕ በቀር። የኔቪል ጉንጭ አብጦ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ከጎኑ የተቀመጠው ስኪፕ ጌታውን አየ፣ ሜዳውን አየ፣ እንደገና ጌታውን አየ። በስንት ዓመቱ እንዲህ ያለ ጉድ አላጋጠመውም። ከዚያ በጌታው ጭን ላይ ተሻገረና ሁለቱን የፊት እግሮቹን ክላክሱ ላይ አሳረፈ።

የሌሎቹ ክላክስ ቆመ፣ የስኪፕ ግን ቀጠለ። ኔቪል ውሻውን ሊገፋ ቢፈልግም እጆቹ ደንዝዘው አልታዘዝ አሉት። ሳላስበው እስከ አሥር ቆጠርኩ። ልጆቹም የቆጠሩ ይመስለኛል፤ ኳሷን ጥለው ተሰለፉ፣ ተጨባበጡ፣ ወደ ባልዲዬ ሮጡ።

«ገና ሦስት ደቂቃ አለ!» አለ የእንግዶቹ አሰልጣኝ።

«እኔ አልነካሁም!» አለ ባዚል እጆቹን ወደ ላይ አድርጎ።

ዶሪን ፊሽካዋን ብትነፋ ማን ሰምቷት። አንድ የእንግዶቹ ልጅ ባልዲውን አይቶ «የኛ ድርሻ የት ሄደ?» አለኝ፤ አፈርኩ።

ኢሞጅን መስኮቱ ላይ ደረሰች። «አባባ! አደረግከው!»

«እምም! እምምም!» ጨዋታው አላለቀምና ልጣጩን ማውጣት አልቻለም። በአገጩ ወደ ስኪፕ ጠቆመ።

«እጅህን አሳየኝ።»

እየጎተተ አወጣቸው። ነጭ ሆነዋል፤ የወንበሩ ልብስ ጥልፍ መዳፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ልጅቷ ጥልፉን በጣቷ ተከትላ መረመረች።

«ስኪፕ ነው» አለች። «ስኪፕ ደግሞ ቃል አልገባም።»

ዶሪን ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። «ሙሉ ስም?»

«ስኪፕ ሆኪንግ» አለች ኢሞጅን።

«የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ» ብላ ጻፈች።

የቀሩትን ሦስት ደቂቃዎች ልጆቹ ሁሉ የብርቱካን ልጣጭ አፋቸው ውስጥ እንዳለ ተጫወቱ፤ ማንም ጎል አላገባም። የባዚል ክላክስ ሲያበቃ ኔቪል ልጣጩን ተፋ፣ አፉን ከፈተ። ሁላችንም ጆሯችንን ያዝን።

«ጥሩ ምት ነበረች» አለ ቀስ ብሎ። ኢሞጅን ካልሲዋን ሳብ አድርጋ «ቅዳሜ እንገናኝ» አለችው።

ሰኞ ከዶሪን ቤት ሲወጣ አየሁት። ጸጉሩ በሁለቱም ጆሮዎቹ በኩል እኩል ነበር።