ሽጉጥ የማይገባበት ግቢ

በቤት ዕቃ ፋብሪካችን የአስተዳደር ኃላፊዋን «እትዬ ደንብ» እንላታለን፤ ፊት ለፊት ግን ማንም አይደፍርም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያረፈደ ሠራተኛ ከዓይኗ አምልጦ አያውቅም። መሣሪያ ያለው ሰው በር ላይ ለጥበቃው አስረክቦ፣ ብረት ሳጥን ውስጥ አስቆልፎ እንዲገባ ያዘዘችውም እሷ ናት። ባለቤቱ እንኳ ሽጉጡን እያጉረመረመ ያስረክባል።

አንድ ሰው ብቻ ሳያስረክብ አሳለፈች። የጭነት መኪና ሹፌራችንን መንገድ ላይ ዘራፊዎች ደብድበውት ነበር። ከግቢው ወሬ የሚያቀብላቸው ሰው አለ፣ መታጠቄ አይታወቅብኝ ብሎ ለመናት። አንጀቷን በላት። «ጃኬትህ ውስጥ ይሁን፤ ማንም እንዳያይብህ» አለችው። ወረቀት ላይ አልሰፈረም።

ከአራት ወር በኋላ ጃኬቱ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ከተሰቀለበት ምስማር ወደቀ፤ ሽጉጡ ባረቀ። ጥይቱ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ሲያስሩ የነበሩትን ሽማግሌ አናጺ ጉልበታቸውን መታቸው።

የድርጅቱ ጠበቃ ነገሩን አሳጠረው። ድርጅቱ አውቆ ፈቅዶ ከሆነ አናጺውን አሳክሞ ይጦራል፤ ሹፌሩ ደብቆ ከሆነ ግን ተጠያቂው ራሱ ነው። ከሹፌር ደግሞ ምን ይገኛል? ሹፌሩ ሳይጠየቅ «ደብቄ ነው ያስገባሁት፤ እትዬ አያውቁም» አለ። ውለታ መመለሱ ነበር። እሷም አንገቷን ደፍታ አላውቅም ብላ ፈረመች። እኔ ጸሐፊዋ ነኝ፤ የዚያን ቀን ስትፈቅድለት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ እሷና እኔ ሆስፒታል አብረን ሄድን። አናጺው ተኝተዋል፤ ሚስታቸው ትራሱን ያስተካክላሉ። ሲያዩን ደስ አላቸው። ያንቺን ደንብ ሰው ሁሉ ቢያከብር እዚህ አልተኛም ነበር፣ አንቺማ የምትችይውን አድርገሻል አሏት። ይሄን አልቻለችም።

«ጋሼ፣ የፈቀድኩለት እኔ ነኝ።»

የሚስታቸው እጅ ትራሱ ላይ ቀረ። አናጺው ለጠበቃው ነግራው እንደሆነ ጠየቋት። አልነገርኩም አለች። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዘው ከለከሏት።

«ለኔ መንገርሽ አንቺን ያቀልልሽ ይሆናል፤ እኔን ግን አያቆመኝም» አሏት። «ሄደሽ ለነሱ ንገሪያቸው፣ ልጄ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

አዎ በማለት ፈንታ ትራሳቸውን ማስተካከል ጀመርኩ።