ስሙን የማናውቀው ሰው ለቅሶ

እናቴ ኮልፌ ሽንኩርት ስትነግድ ነው ያረጀችው። ስለዚህ ዶክተሩ የዓይን ብሌን ሊተክልላት ቀን ሲቆርጥ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «ዕቃው እንዴት ነው?» ብላ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዶክተሩ ግን እየሳቀ፣ ከሟች የተወሰደ ብሌን ሁሉ እንደማይተከል፣ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ጤነኛው ብቻ እንደሚመረጥ አስረዳት። «አየሽ፣ ተለቅሞ ነው የሚመጣው!» አለችኝ ፊቷ በርቶ።

አንደኛው ዓይኗ ድሮ ጠፍቷል። ይኼኛውም ጠባሳ ሸፍኖት፣ እኔን የምትለየኝ በኮቴዬ ነበር። ተከላው ከተሳካ ታያለች፤ ካልተሳካ አለቀልን።

ተሳካ። ፋሻው ሲነሳ የዶክተሩን ክራባት ቀለም ተናገረች፤ እኔ እልል ልል ስል እሷ ወደ ሌላ ጉዳይ ገባች።

«የማን ነው?»

«የሰጪው ስም አይነገርም፣ እናቴ።»

«ለቅሶውስ?»

«የምን ለቅሶ?»

«ጉድ እኮ ነው! የሰው ዓይን ይዤ ለቅሶ ሳልደርስ ልቅር?»

በቃ፣ አበደችብኝ። እኔ ሥራ ስሄድ ጠብቃ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳን ፍለጋ ትወጣለች። ጦር ኃይሎች ድንኳን ካየች ገባ፣ ዘነበወርቅ ካየች ገባ ትላለች። አልቅሳ ሲወጣላት ወደ ሐዘንተኛዋ ጠጋ ብላ፣ «ዓይናቸውን ሰጥተው ነበር እንዴ?» ትላለች። አንዷ የሟች ሚስት፣ «ኧረ እሱ! የቤቱን ቁልፍ እንኳ ለሰው ሰጥቶ አያውቅ!» ብላ ለቀስተኛውን በሳቅ ገደለችው አሉ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት፤ እስከዚያ እኔማ እቤት ተኝታ የምታገግም መስሎኝ።

በነገረችኝ ማግስት ጠዋት ዶክተሩ ያዘዘውን ጠብታ ላደርግላት ቀና ሳደርጋት ዓይኗ ደም መስሏል። ዶክተሩ «ቢቀላ፣ ቢደበዝዝ፣ ሳታድሩ ኑ» ብሎን ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ። እንዳትቆጪ ብዬ ነው ሰሞኑን ጠብታውን ራሴ አደርጋለሁ ያልኩሽ።»

ጮህኩባት። እየጮህኩ ታክሲ ውስጥ ከተትኳት። መንገዱን ሙሉ ያቺን አንዲት ዓይን በለቅሶ አጣናት ብዬ ፈራሁ።

ሰውነቷ ብሌኑን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እየገፋው ነው አለ ዶክተሩ። ጥፋቱ እንባው አይደለም፤ ድንኳን ለድንኳን ስትዞር የቀን ጠብታዋን መዝለሏ ነው፣ በነጠላዋ ማሸቷም አላገዘም። «ጨርሶ ሳይደበዝዝ ስለመጡ ልናተርፈው እንችላለን፤ ግን ከቤት እንዳይወጡ!» አላት። ጠብታው በየሰዓቱ ሆነ። ፈቃድ ወስጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ እሷም አኩርፋ ተቀመጠች። ሳምንታት ቆይቶ ዓይኗ ጠራ።

ወደ ሥራ በተመለስኩ ሰሞን፣ አንድ ማታ ግቢያችን ስገባ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ የእድሩ ሴቶች ንፍሮ ይዘው ተቀምጠዋል። «እማዬ!» ብዬ ስጮህ መሐላቸው አየኋት፤ ጉንጯን በሶፍት ታደርቃለች፣ ዓይኗን ሳትነካ።

«ምን ትጮሂያለሽ? አትውጪ ተባልኩ፣ አልወጣሁም። ደግሞ የት ሄጄ ልፈልገው? እኔ ጋ አይደል እንዴ ያለው? እዚሁ ይለቀስለት» አለች።

ዘግይታ የመጣች አንዲት ሴት እጄን ይዛ፣ «እግዜር ያጥናችሁ። ምናችሁ ነበር?» አለችኝ። ላሾፍ አፌን ከፈትኩ። እናቴ ከግቢው ማዶ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ፊቴን ለይታ እያየችኝ ነበር።

«ዘመዳችን ነው» አልኩና አጠገቧ ሄጄ አለቀስኩ።