ቶማስ ለኢብሲቱ የመረጠው ጠረጴዛ

ገነት ባሏ ለሌላ ሴት ጠረጴዛ ሊያማርጥ እንደሚሄድ የሰማችው ከራሱ አፍ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጃኬቱን እየለበሰ፣ «ኢብሲቱ ከቤት መሥራት ጀመረች አይደል፣ የዱሮ ዴስክ ፈልጋለች። ሴንት ፖል አንድ የአሮጌ ዕቃ ቤት አለ፣ አብሬያት አይቼ ልምጣ» አላት፤ ወተት ገዝቼ ልምጣ እንደሚል ሰው።

«እሺ» አለችው ገነት። መኪናው ከግቢ ሲወጣ ግን የያዘችውን ሳህን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

ገነት በሐኪምና በበሽተኛ መካከል በስልክ የምታስተረጉም ሴት ናት። አሜሪካ እንደመጣች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፍሪድሊ በሚገኝ የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ፣ በማጉያ መነጽር እያየች ከስፌት ክር የማይወፍር ቱቦ ስታገጣጥም ኖረች። ዓይኗ ሲደክም ኮርስ ወስዳ አስተርጓሚ ሆነች። ወረርሽኙ ሲመጣ ሥራው ወደ ቤት ገባ። ብሩክሊን ሴንተር ያለው ቤታቸው ትርፍ ክፍል ስላልነበረው ላፕቶፗን መኝታ ቤት፣ የመኳኳያ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው። ለጊዜው ነው ብላ ነበር። አምስት ዓመት ሆነ። ጉልበቷ ከሥሩ ስለማይገባ በጎኗ ትቀመጣለች። ማታ ማታ ወገቧን ይዛ ነው የምትነሳው። ከሁሉ የሚከፋው መስታወቱ ነው፤ ለሰው ክፉ ወሬ ስታስተረጉም የራሷን ፊት እያየች ነው።

ቶማስ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። አባቱ ዲላ ውስጥ የታወቁ አናጢ ስለነበሩ እሱም እጁ ከእንጨት አይርቅም። ሰው መንገድ ዳር የጣለውን ወንበር አንስቶ ጋራዡ ውስጥ ያድሳል፤ አድሶም ይሰጣል። ከቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች መካከል ቶማስ የሠራው ዕቃ የሌለበት ቤት ቢፈለግ የሚገኘው የገነት ቤት ነበር።

ኢብሲቱ ደግሞ ከገነት ጋር በአንድ የመዘምራን ቡድን ውስጥ የምትዘምር፣ በሽተኞችን በስልክ የምትከታተል ነርስ ናት። ከባሏ ከተለያየች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል፤ ሲዋርድ ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። የምትፈልገውን ነገር ፊት ለፊት የምትጠይቅ፣ እንቢ ስትባልም ስቃ የምታልፍ ሴት ናት። ገነት ይህን ጠባይዋን ድሮ ትወድላት ነበር።

ቶማስ ለምሳ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። «ጥርት ያለ የኦክ እንጨት ነው» አለ፣ ምግቡን ሳይነካ። «ሰባት መሳቢያ አለው። ላዩ ተበላሽቷል እንጂ አካሉ ምንም አልሆነም። እዚሁ አምጥቼ አድስላታለሁ።»

ጠረጴዛው ጋራዥ ሲገባ የገነት መኪና ወጣ። ሚያዝያ ነው፣ ከእንግዲህ በረዶ የለም ተባባሉ። በሳምንቱ በረዶው ወረደ። ገነት በፒጃማዋ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ የመኪናዋን መስታወት በረዶ እየፋቀች፣ ባሏ ውስጥ ሆኖ የኢብሲቱን ጠረጴዛ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ትሰማዋለች። ሁለቱም ይፍቃሉ። የእሱ ግን ቀስ ያለ፣ የሚያባብል ፍቀት ነበር።

ልጇ ሮሆቦት የእናቷን ፊት አይታ፣ «ማሚ፣ ጀስት አስክ ሂም» አለቻት።

«ምኑን ነው የምጠይቀው? ዓይን የለውም?»

ሮሆቦት ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ኢብሲቱ ገነትን አቅፋ፣ «እህት ገነት፣ ታድለሽ። ወንድም ቶማስ ስለ እንጨት ሲያወራ ቢውል አይሰለችም» አለቻት። ገነት ፈገግ አለች። ስለ እንጨት ሲያወራ ውሏል ማለት ነው። ከእሷ ጋር የሚያወራው ስለ ቤት ማሞቂያውና ስለ ልጆቹ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነው።

ሐሙስ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ለማንም ሳትናገር ሴንት ፖል ወዳለው የአሮጌ ዕቃ ቤት ነዳች። ልቧ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከኢብሲቱ የሚበልጥ ጠረጴዛ።

አገኘችውም። ከበሩ ፊት ለፊት ጥቁር ቡናማ የዋልነት እንጨት ጠረጴዛ ቆሟል፤ የነሐስ እጀታ ያለው፣ ላዩ አረንጓዴ ቆዳ የለበሰ። ዳኛ የሚቀመጥበት ይመስላል። ገነት እጇን እያሳለፈችበት ቶማስ ሲያየው ምን እንደሚል፣ ኢብሲቱ ስትሰማ ምን እንደምትሆን ታስባለች።

«እህት ገነት?»

ዞር ስትል ኢብሲቱ ናት። ሱቁ በሳምንት ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ብቻ ስለሚከፈት ለጠረጴዛዋ የሚሆን ወንበር ልታይ መጥታለች። ገነት እንደ ሌባ ደነገጠች። «እንዲሁ ሳልፍ ነው» አለች።

ኢብሲቱ ጠረጴዛውን አየችና ሳትጠየቅ ተንበረከከች። አንዱን መሳቢያ ጎትታ ሙሉ በሙሉ አወጣችው፤ የስልኳን መብራት አብርታ ወደ ውስጥ ተመለከተች። «ፊቱን ማንም ያሳምረዋል፣ ጀርባውን እይ» አለች።

አባባሉ የቶማስ ነው። ገነት ለስንቱ ሰው በስልክ ሲናገረው ሰምታለች። ለእሷ ብሎ አያውቅም። አሁን ከዚህች ሴት አፍ ስትሰማው ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ይኸውልሽ፣ ውሃ ገብቶበታል» አለች ኢብሲቱ። እውነትም ጀርባው አብጦ የተለጠፈው ስስ እንጨት ተላቋል፤ የሻጋታ ሽታም አለው። «ጎርፍ የገባበት ምድር ቤት ውስጥ የኖረ ነው። አትግዢው።»

«ሌላስ ምን ምን አስተማረሽ?» አለች ገነት።

ድምፅዋ ለራሷም አስጠላት። ኢብሲቱ መሳቢያውን መልሳ ተነሳች፤ ጉልበቷን አራገፈች። የሆነ ነገር ዋጠች፤ ሳቅ ሳይሆን አይቀርም።

«ገነት» አለች፤ «እህት» የሚለውን ትታ። «የሚረዳኝ ሰው ፈለግኩ፣ ጠየቅኩት፣ መጣ። ከዚህ ሌላ የለም። ቅር ካለሽ ዛሬውኑ ጠረጴዛውን አስወስደዋለሁ።»

ገነት ዓይኗን ከአረንጓዴው ቆዳ ላይ አላነሳችም። አመነቻት። ማመኗ ግን ቅናቷን አላበረደውም፤ እንዲያውም ሌላ ቦታ ወሰደው። የምትቀናው በኢብሲቱ መልክ ወይም በኢብሲቱ ጠረጴዛ ሳይሆን በዚያች «ጠየቅኩት» በምትል ቀላል ቃል ነበር።

«ይጨርሰው» አለች በመጨረሻ። «ብቻ ቶሎ ይጨርሰው። መኪናዬ ደጅ ነው የሚያድረው።»

ኢብሲቱ ያኔ ሳቀች። ገነትም ሳትወድ ትንሽ ሳቀች።

«ስትሠሪ እንዴት ነው የምትቀመጪው?» አለች ኢብሲቱ። ገነት አሳየቻት፤ ወንበር ስባ በጎኗ ተቀመጠች። ኢብሲቱ ነርስ ናትና ወገቧን አየችው። ከዚያ ወንበሩን ይዘው በየጠረጴዛው ዞሩ፤ ገነት ተራ በተራ ገብታ ሞከረቻቸው። አንዱ ጉልበቷን መታት። አንዱ ደረቷ ድረስ ደረሰ። ሱቁ ጥግ ላይ ግን፣ ምንጣፍ ከተቆለለበት ሥር፣ የድሮ ትምህርት ቤት ቢሮ ግራጫ የብረት ጠረጴዛ ነበር። ጫፉ ተቧጭሯል። መሳቢያው ያለ ድምፅ ይከፈታል። ገነት ገብታ እግሯን ዘረጋች፤ ምንም አልነካትም። ቀጥ ብላ ወደ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እንደዚያ ብላም ብዙ ቆየች።

«ቶማስ አይወደውም፤ ብረት ነው» አለች ኢብሲቱ።

«ይሄን ነው የምፈልገው» አለች ገነት።

ጠረጴዛው ቅዳሜ በጭነት መኪና መጣ። ቶማስ ዞሮ ዞሮ አየው። «ብረት?» አለ። «እንጨት ከፈለግሽ እኮ እኔ አለሁ፤ አትነግሪኝም?»

«ለሰው ሁሉ ታያለህ። እኔ አምስት ዓመት በጎኔ ተቀምጬ ስሠራ አላየህም።»

ቶማስ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። «የመኳኳያውን ቦታ የምትወጂው መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «መስታወቱን።»

ገነት ልትስቅ ወይ ልታለቅስ አልለየላትም። እየዋሸ እንዳልሆነ ገባት፤ የባሰ ያናደዳትም እሱ ነው። ቶማስ ሶፋውን ብቻውን ገፍቶ ከሳሎኑ መስኮት አራቀና፣ ሁለት ወንድሞች ከቤተ ክርስቲያን ጠርቶ የብረቱን ጠረጴዛ እዚያ አቆመላት። ቀለሙን ልቀባልሽ ሲላት እንዳይነካው ነገረችው።

የኢብሲቱ ጠረጴዛ ሲያልቅ ገነት ከቶማስ ጋር ሲዋርድ ሄደች። ኦኩ ማር መስሎ ነበር። «ያምራል» አለች፤ እውነቷን ነው፤ ሰባቱንም መሳቢያ አንድ በአንድ ከፍታ ዘጋቻቸው።

ሐምሌ ላይ ኢብሲቱ ደወለች። እንጨቱ በወበቁ አብጦ አንዱ መሳቢያ አልከፈት ብሏል፤ ቶማስ ቢያየው። ቶማስ ስልኩን እንደያዘ ሚስቱን አያት። ገነት ከብረት ጠረጴዛዋ ሳትነሳ፣ «ከሰዓት በኋላ አራት ላይ ሥራ እጨርሳለሁ፤ አብረን እንመጣለን በላት» አለችው።